ገሃነሙ ብቻ የተረፈው ግድግዳ

ይድረስ ለክቡር ሊቀ ዲያቆናት ጆልየን ፔምብሪ፣ የብዙ አድባራት ተቆጣጣሪ፣ የብዙ ኮሚቴዎች ሰብሳቢ፤ ባሉበት።

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ባለፈው የብርድ ወራት እኛ በጠራንዎት ቁጥር እየጠበቀ ይይዝዎት የነበረው ጉንፋን ፈጽሞ እንደለቀቀዎት፣ ድምፅዎም ለንግግር እንደተመለሰልዎ በቴሌቪዥን አይቼ ተደስቻለሁ። እኛ የማርልስኮም መንደር ሰዎች፣ ከሞተው ሰው በቀር፣ ደኅና ነን።

ደብዳቤዬን በጋዜጣ ማውጣቴን ከድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በፖስታ የሚላክ ወረቀት ጽሕፈት ቤትዎ ከደረሰ በኋላ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ሞክረን ስላልተሳካልን፣ ይህኛው ቢያንስ ቁርስዎን ሲበሉ በእንቁላሉና በሻይዎ መካከል ዓይንዎ ውስጥ እንዲገባ ብዬ ነው።

ስሜ ኡርሱላ ትሬልፎል ይባላል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የዚህ አካባቢ የእንስሳት ሐኪም ነበርኩ። ላም አዋልጃለሁ፤ ሊድኑ የማይችሉ ውሾችን ደግሞ ባለቤቶቻቸው ጭንቅላታቸውን እየደባበሱላቸው በመርፌ አሳርፌያለሁ። አንድን ፍጡር በርኅራኄ መግደል እንዴት እንደሆነ በሙያዬ ስለማውቅ፣ ክቡርነትዎ በቅድስት ማርጋሬት ቤተ ክርስቲያናችንና በጠባቂዋ ላይ የፈጸሙት ከዚያ ወገን እንዳልሆነ ለመመስከር እችላለሁ። እግዚአብሔር አለ ወይስ የለም በሚለው ላይ እስካሁን አልወሰንኩም፤ የቤተ ክርስቲያኗ ጣሪያ ግን እንዳልነበረ በዓይኔ አይቻለሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰን የግብዣ ካርድ ነው። በወርቅማ ፊደል እንደተጻፈው፣ በመጪው እሑድ «በክቡር ሊቀ ዲያቆናት ጆልየን ፔምብሪ ያላሰለሰ ጥረት ከጥፋት የዳነውን» የግድግዳ ሥዕላችንን ሊመርቁ፣ ስምዎ የተቀረጸበትንም የነሐስ ሰሌዳ ሊገልጡ ወደ እኛ ይመጣሉ። ካርዱን ደጋግሜ ካነበብኩ በኋላ ምስጋና ሳላቀርብ ብቀር ውለታ ቢስ እንደምሆን ተሰማኝ። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይደባለቅብዎ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩. በመጀመሪያ የማመሰግንዎ፣ ሹመቱን በተቀበሉበት ዓመት ስለ አድባራትዎ ባወጡት ሪፖርት ውስጥ ቅድስት ማርጋሬትን «መጠነኛ ታሪካዊ ፋይዳ ያላት፣ ጎብኚ የማይበዛባት» ብለው ስለገለጹልን ነው። ገለጻው ትሕትናን አስተምሮናል። እስከዚያ ቀን ድረስ እኛ አላዋቂዎቹ ትልቅ ነገር ይመስለን ነበር። ባሕር ተሻግረው አገሩን የያዙት ኖርማኖች ያቆሙት በር አላት፤ በክብ ቅስቱ ዙሪያ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ቅርጽ ተደርድሮበታል፣ ድንጋዩም የስንት ትውልድ ትከሻ ሲታከከው ኖሮ ለስልሷል። የጥምቀት ገንዳዋ ጠንቋዮች የተባረከውን ውሃ እንዳይሰርቁ ተብሎ በብረት የሚቆለፍ ክዳን የተሠራለት ነው። በደቡብ በኩል ያሉት ዓምዶች አናታቸው ላይ የወይን ቅጠል ተቀርጾባቸዋል፤ የሰሜኖቹ ግን ባዶ ናቸው። ከእነርሱ በአንደኛው ላይ አንዲት ቅጠል ግማሿ ተቀርጾ ግማሿ ድንጋይ እንደሆነ ቀርታለች፤ ታላቁ ወረርሽኝ ወደ መንደሩ የገባው ቀራጮቹ እዚያ ላይ ሳሉ ነበርና።

ያችን ቅጠል ለእንግዳ ማሳየት የሚወድ አንድ ሰው ነበረን። ኤድመንድ ኮውትራ ይባል ነበር፤ ቁልፏን እንዲይዝና ሕንፃዋን እንዲጠብቅ ምዕመናን መርጠው የሾሙት፣ ዕድሜውን በከብት ገበያ ሐራጅ ሲጮህ ያሳለፈ ጡረተኛ ነው። እርሱን መንደሩ በሙሉ ያውቀው ነበር፤ ድምፁን ደግሞ የጎረቤት መንደሮችም ያውቁት ነበር። መዝሙር ሲዘመር ከሁላችን ቀድሞ ይሄድና ስንኙ መጨረሻ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ግትርና ተከራካሪ ነበር፣ ኮፍያውንም እንደ ዘውድ ይወዳት ነበር፤ ከእኔ ጋር ሳይጨቃጨቅ የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም። እንግዳ ሲመጣ ጣቱን ግማሿ ቅጠል ላይ አኑሮ «እዚህ ጋ ሲደርስ ምሳ ልብላ ብሎ ወረደ፤ እስካሁን አልተመለሰም» ይል ነበር። ሰው ይስቃል፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ቅጠሏን እንደገና ቀና ብሎ ያያታል።

ወረርሽኙ ቤተ ክርስቲያኗን አላፈረሳትም። በኋላም ሥዕል ጣዖት ነው ያሉ የአንድ ሕፃን ንጉሥ አማካሪዎች ግድግዳዋን ከላይ እስከ ታች በኖራ አስለቀለቁት፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜም ወታደሮች በመስኮቶቿ መስታወት ላይ የነበሩትን ቅዱሳን በድንጋይ ወገሯቸው። ይህን ሁሉ ችላ ቆመች። ንዑስ ኮሚቴ የሚባል ነገር ግን ገና አልገጠማትም ነበር።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ለቅርስ ስላሳዩት ተቆርቋሪነት ነው። ባለፈው መከር ሌቦች በጭነት መኪና መጥተው የሰሜኑን ጣሪያ የእርሳስ ብረት ሽፋን ገፈው ወሰዱት። ስለ ሌቦቹ ክፉ መናገር አልፈልግም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የጀመረውን ሥራ በሰዓቱ የጨረሰ ሌላ ሰው የለምና።

ኤድመንድ በማግሥቱ ጣሪያውን ሸራ ላልብሰው ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። በቤተ ክርስቲያናችን ሕግ ያለ ፈቃድ አንዲት ምስማር መምታት እንደማይቻል አንባቢዎች ሁሉ ያውቃሉ። መልሱ ሲዘገይበት ከጊልዳ ስታብስ መጠጥ ቤት ሆኖ ስልክ ደወለልዎ፤ ጆሮው ስለደከመ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎት ነበርና የተናገሩትን ሁላችንም ለመስማት ታድለናል።

«ሚስተር ኮውትራ፣» አሉት፣ «የፕላስቲክ ሸራ የሕንፃውን ታሪካዊ ገጽታ ይጎዳል።»

«ዝናቡስ፣ አባታችን?» አለ ኤድመንድ። «ዝናቡ ገጽታ ያሳምራል?»

«እኔ ስለ ዝናብ አይደለም የማወራው። ሂደት አለ፣ ሂደቱን ማክበር አለብን። ኮሚቴው ከገና በኋላ ሲሰበሰብ ይታያል።»

«እስከ ገና እኮ ውስጡ ዳክዬ ይዋኝበታል።»

«ተጫዋች ነዎት፣ ሚስተር ኮውትራ። መልካም ቀን» ብለው ዘጉት።

ጊልዳ ብርጭቆ እየወለወለች «ይሄ ሂደት ያሉት ነገር ወርዱ ምን ያህል ነው? ቀዳዳውን ይሸፍነዋል?» ብላ ጠየቀች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ኤድመንድ ግን አልሳቀም። ኮፍያውን ደፍቶ ባልዲ ሊደረድር ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው ባልዲዎቹን እያፈሰሰ መልሶ መደርደር ሥራው ሆነ።

፫. ሦስተኛ፣ ዝናቡ ያለ ቅጽ፣ ያለ ማመልከቻ፣ ያለ ኮሚቴ እንዲገባ ስለፈቀዱ አመሰግናለሁ። ከጽሕፈት ቤትዎ ያገኘነው ብቸኛው ፈጣን ፈቃድ እርሱ ነው። ግድግዳው ረጠበ፤ ያ የጥንት ኖራም መላጥ ጀመረ።

ገና ሊደርስ ሲል አንድ ጠዋት ኤድመንድ ደወለልኝ። «ነይ እስቲ። አንድ ሰው ግድግዳው ውስጥ ሆኖ እያየኝ ነው።»

«ጠጥተህ ነው?»

«ገና ቁርስ አልበላሁም። ነይ አልኩሽ።»

ሄድኩ። ከመቅደሱ በፊት ካለው ትልቅ ቅስት በላይ ኖራው እንደ ቁስል ቅርፊት ተላጥቶ አንድ ዓይን ይታይ ነበር፤ ቡናማ፣ ምንም የማይገርመው ዓይን። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ረገፈ። ገናን ሳንሻገር ቅስቱ ላይ ያለው ግድግዳ ሁሉ ተገለጠ። ማንበብ የማይችሉት አያቶቻችን ስብከቱ ሲረዝምባቸው ቀና ብለው የሚያዩት የመጨረሻው ፍርድ ነበር። ጌታ በመሐል ቀስተ ደመና ላይ ተቀምጧል። በቀኙ፣ ማለትም በሰሜን በኩል፣ ጻድቃን ከመቃብር እየተነሡ ግንብ ወዳላት ከተማ ይወጣሉ፤ በሯም ላይ ቁልፍ የያዘ ሽማግሌ ይጠብቃቸዋል። በግራው፣ በደቡብ በኩል፣ ገሃነም አለ። አንድ ትልቅ አውሬ አፉን ከፍቶ ኃጥአንን ይውጣል፤ አጋንንቱ በሰንሰለት ይጎትቱለታል።

መንደሩ በሙሉ ዣንጥላ ዘርግቶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ አየው። ከሚጎተቱት አንዷ ማንቆርቆሪያ የያዘች፣ ልኬት አጉድላ የሸጠች ጠላ ጠማቂ ነበረች። ጊልዳ ቆም ብላ ስታያት ቆየችና «ሴትዮዋ ቁርጥ እኔን። እኔ ግን ሞልቼ ነው የምቀዳው» አለች።

«አርብ አርብ አይደለም» አላት ኤድመንድ።

ከእርሷ ቀጥሎ ራቁቱን ሆኖ የጳጳስ አክሊል ብቻ የደፋ አንድ ወፍራም ሰው ነበር። ጋኔኑ እግሩን ይዞ ይጎትተዋል፤ ሰውየው ግን ራሱን ለማዳን ሳይሆን አክሊሉ እንዳይወድቅበት በሁለት እጁ ጨብጦ ይዞታል። ሠዓሊው ማንን አስቦ እንደሣለው አይታወቅም፤ ያኔ ክቡርነትዎ አልተወለዱም ነበር።

ኤድመንድ ግን ለገሃነሙ ብዙም ግድ አልነበረውም። ዓይኑ በሰሜኑ በኩል ነበር። ከሚነሡት መካከል አንዲት ሴት አለች፤ አንድ እግሯ ገና መቃብር ውስጥ ነው፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ከጎኗ የሚወራ ነገር እንደምትሰማ ሁሉ ፈገግ ብላለች።

«ኔስታ ናት» አለኝ። ኔስታ ሚስቱ ነበረች፤ ከሞተች ቆይታለች፣ መቃብሯም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

«አይደለችም። ኔስታ በሕይወቷ እንዲህ ከስታ አታውቅም።»

«ገና ከመቃብር እየወጣች እኮ ነው፣ ኡርሱላ። ትንሽ ጊዜ ስጫት እንጂ።»

ከዚያ በኋላ የሚታጠፍ ወንበሩን አምጥቶ ከሥሯ ይቀመጥ ጀመር። ቀልዱ ቀነሰ። ሴትዮዋ የነበረችው ጣሪያው በተገፈፈበት በኩል ነው፤ ውሃው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ እርሷ ይወርድ ነበር።

፬. አራተኛ፣ ስለ ጉብኝትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ለቀዳዳው አልመጡም፤ ለሥዕሉ ግን ወሬው ወደ ከተማ በደረሰ ሳምንት ከፎቶግራፍ አንሺ ጋር መጡ። ጉንፋኑም በዚያ ቀን ፋታ ሰጥቶዎት ነበር።

ኤድመንድ በር ላይ ጠብቆ ኮፍያውን አወለቀልዎ፤ ለእኔ አውልቆ አያውቅም። «አባታችን፣ ሸራውን ብቻ ልስቀል። ዛሬ ከሰዓት ይዘረጋል፤ ውሃው ነገ ይቆማል» አለዎት።

«ሚስተር ኮውትራ፣ ጉዳዩ አሁን ከበፊቱም ከብዷል። አሁን እኮ ቅርስ ተገኝቶበታል።»

ይህን አባባልዎን ቤቴ ሄጄ ብዙ አስቤበታለሁ። ሥዕሉ ሳይገኝ ሸራ ያልተፈቀደው የቅርሱ ገጽታ እንዳይጎዳ ነው፤ ሥዕሉ ሲገኝ ደግሞ ያልተፈቀደው ቅርስ በመኖሩ ነው። እንዲህ በአንድ ቦታ የሚሽከረከር በሬ ቢያመጡልኝ ኖሮ፣ ጆሮው ታሞ ይሆናል ብዬ እመረምረው ነበር።

ቀጥለው ወደ ደቡቡ ዞረው ወፍራሙን ባለ አክሊል ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ጳጳስ ለመሆን ስምዎ እንደሚነሣ የሰማነው ያን ሰሞን ነበር። «ይህኛው ክፍል ለሕዝብ መታየት አለመታየቱ ይታሰብበታል» አሉ። ከዚያም ሕንፃው አደገኛ ነው፣ ማንም አይግባበት ብለው ወሰኑ፤ ጸጉሩ ጥቁር ሳለ የተቀበለውን ቁልፍ ከኤድመንድ እጅ ተቀበሉት።

«ባልዲዎቹንስ ማን ያፈሳቸዋል?» አለ።

«ማንም አይገባም፣ ሚስተር ኮውትራ። ኢንሹራንሱ አይፈቅድም።»

መኪናዎ ከሄደ በኋላም እዚያው ቆሞ ነበር። ክንዱን ይዤ ወደ ቤቱ ወሰድኩት። በመንገድ ላይ አልተጨቃጨቅንም፤ እኔም መጥፎ ነገር መሆኑን ያን ጊዜ ማወቅ ነበረብኝ፤ ዝም ያለ እንስሳ ካልበላ እንስሳ ይበልጥ ያሳስባል።

፭. አምስተኛው ምስጋናዬ በሩን ቆልፈው ጣሪያውን ስላልቆለፉ ነው። ቅዳሴ በሌለበት አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ በብርዱ ምክንያት ከአልጋው ሳይወርድ፣ ለሰማንያ ዓመት ጥቂት የቀረው ኤድመንድ ከከብት ገበያው ያመጣውን ሸራ ተሸክሞ በመሰላል ወጣ። ለማንም አልተናገረም፤ ቢናገር እንደምንከለክለው ያውቃል። ሸራውን ዘረጋ፣ ጠርዙን በጣውላ አስይዞ በምስማር መታው። ሥራው ያማረ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በመጣው ዐውሎ ነፋስ ግማሹ መንደር አጥሩን ሲያጣ ያ ሸራ አልተነቃነቀም። የወደቀው ሥራውን ጨርሶ ሲወርድ ነው።

ጊልዳ ውሻዋን ስታንሸራሽር በመቃብሮቹ መካከል ተጋድሞ አገኘችው። «ውሻሽን ያዢልኝ፤ ፊቴን እየላሰኝ ነው» አላት። የዳሌው አጥንት ተሰብሮ ነበር።

ሆስፒታል ሄጄ ሳየው ሰላም እንኳ አላለኝም። «ሸራው ይዟል?»

«ይዟል።»

«ኔስታስ?»

«በሩ ተቆልፏል፣ ኤድመንድ። ማየት አልቻልኩም።»

«በመስኮት እዪያ። ዓይን የለሽም?»

በዚህ ዕድሜዬ የሰው መቃብር ድንጋይ ላይ ቆሜ በመስኮቱ አየሁ። ውስጡ ጨለማ ነበር፤ ከራሴ ፊት በቀር ምንም አላየሁም። ስለዚህ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ደወልኩ። ጨዋ ድምፅ ያለው አንድ ሠራተኛዎ አነሣው። በሩን ለጥቂት ደቂቃ እንዲከፍቱልኝ፣ በር ላይ ቆሜ አንድ ጊዜ ቀና ብዬ አይቼ እንደምመለስ ነገርኩት።

«ጥያቄዎ ተመዝግቧል፣ ሚስ ትሬልፎል። የአደጋ ግምገማው ሳይጠናቀቅ ግን በሩ አይከፈትም።»

«ሰውየው እየሞተ ነው እኮ። የሚፈልገው አለች ወይም የለችም መባልን ብቻ ነው።»

«ይገባኛል። በኢሜይል ቢያቀርቡልን ደግሞ ይበልጥ ይቀለናል።»

በኢሜይል አቀረብኩ። ክቡርነትዎ ዕረፍት ላይ መሆንዎን የሚገልጽ መልስ ማሽኑ ራሱ ወዲያው ላከልኝ። ማሽኑን አመሰግናለሁ።

ሳንባው ውኃ ይዞ ነበር። በሽታው ምን እንደሆነና ወዴት እንደሚሄድ እኔም እርሱም እናውቅ ነበር፤ ብዙ አሮጌ ፈረስ በዚያው መንገድ ሲሄድ አብረን አይተናል። በገባሁ ቁጥር «ከፈቱት?» ይለኛል፤ «አልከፈቱትም» እለዋለሁ። በመጨረሻው ከሰዓት ሴት ልጁ ሮዛሙንድ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል ተቀምጠን ነበር። ዓይኑን ሳይገልጥ «ዛሬስ?» አለ።

«ዛሬም አልከፈቱትም፣ ኤድመንድ።»

«ሂደት ነዋ» አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ክቡርነትዎ፣ በሥራ ዘመኔ ሁሉ የማንንም እንስሳ ባለቤት «አለች ወይስ የለችም» እያለ እንዲጠብቅ አድርጌ አላውቅም። ለዚህ ሰው ቁልፉን ለመላክ አንድ ታክሲ ይበቃ ነበር።

፮. ስድስተኛ፣ ለቀብሩ ስላደረጉት ዝግጅት። ሮዛሙንድ አባቷ ዕድሜ ልኩን ባገለገለባት ቤተ ክርስቲያን እንዲሸኝ ለመነችዎ፤ ሕንፃው አደገኛ ነው አሏት። በግቢው ይሁንልኝ አለች፤ ግቢውም ታጥሯል አሏት። ስለዚህ ከተማ ዳር፣ ከጎማ መሸጫው ጀርባ ባለው የሬሳ ማቃጠያ ቤት ሸኘነው። መዝሙሩን በቴፕ አጫወቱልን። ከእኛ ቀጥሎ ያሉት ሐዘንተኞች በበሩ መስታወት እያዩ ይጠብቁ ስለነበር ሦስተኛውን ስንኝ ሳንዘምር ወጣን። ማንም ዜማውን ቀድሞ የሄደ አልነበረም፤ ሁላችንም እኩል ጨረስን። አስቀያሚ ነበር። ክቡርነትዎ አበባ ልከዋል፤ ካርዱ ላይ ስሙ «ኤድዊን» ተብሎ ተጽፏል።

፯. ሰባተኛ፣ ከቀብሩ በኋላ ለሟቹ ለራሱ በላኩት ደብዳቤ ያለ ፈቃድ በጣሪያ ላይ ሥራ መሥራቱን አውግዘው፣ ድርጊቱን ዳግመኛ እንዳይፈጽም በጥብቅ ስላስጠነቀቁልን አመሰግናለሁ። እስካሁን አልደገመውም።

፰. ስምንተኛውና የመጨረሻው ምስጋናዬ በሩ ስለተከፈተበት ቀን ነው። ብርዱ አልፎ፣ ግምገማው ተጠናቆ፣ ከዋናው ከተማ አንዲት የግድግዳ ሥዕል ባለሙያ መጣች። ሮዛሙንድና እኔ ከኋላዋ ገባን። ከቅስቱ በላይ የግድግዳው የሰሜን ወገን ባዶ ነበር። ጻድቃኑ፣ ግንቧ ከተማ፣ ቁልፍ የያዘው ሽማግሌ፣ አንገቷን ዘንበል ያደረገችው ሴት፣ ሁሉም ከነልስናቸው ወርደው ሞልተው በፈሰሱት ባልዲዎች መካከል ጭቃ ሆነዋል። ደቡቡ ግን ደርቆ፣ ቀለሙ ደምቆ፣ አጋንንቱ አንድ ጥፍር ሳይጎድልባቸው ቆመዋል። ሮዛሙንድ ተንበርክካ ከጭቃው ውስጥ ስባሪ ስታነሣና ስትጥል ቆየች። «የቷ እንደነበረች ንገሪኝ» አለችኝ። እኔም አጠገቧ ተንበርክኬ ስባሪዎቹን ማገላበጥ ጀመርኩ።

ባለሙያዋ ገምግማ የነገረችንን በጋዜጣ ላይ ማንበብ ስላልቻልኩ እዚህ እጽፈዋለሁ። ሸራው ከገና በፊት ተዘርግቶ ቢሆን ሥዕሉ በሙሉ ይተርፍ ነበር። ጨርሶ ባይዘረጋ ደግሞ እርጥበቱ ቅስቱን ዞሮ ገሃነሙንም ያወርደው ነበር። እንግዲህ ክቡርነትዎ የሚመርቁትን ያዳነው የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ በሕገ ወጥ መንገድ የመታው ምስማር ነው፤ የክቡርነትዎ ያላሰለሰ ጥረት ውጤት ባዶው ግድግዳ ነው። ሰሌዳው በስህተት በደቡብ በኩል ተሰቅሏልና ወደ ሰሜን እንዲዛወር በትሕትና አሳስባለሁ። መንግሥተ ሰማያትን ከአንድ ደብር በአንድ የብርድ ወራት ያስወገደ ሌላ ባለሥልጣን በታሪክ አላነበብኩም፤ የሕፃኑ ንጉሥ አማካሪዎች እንኳ ቀቧት እንጂ አላጠቧትም።

በቴሌቪዥን ቀርበው «ሁላችንም በእምነት ታገልን» ሲሉ ያስነሡት ምስልም ደርሶናል። ካሜራው ከባለ አክሊሉ ወፍራም ሰው ሥር ያቆምዎት በአጋጣሚ እንደሆነ አውቃለሁ። ጊልዳ ምስሉን መጠጥ ቤቷ ውስጥ ሰቅላዋለች፤ ደንበኞች የትኛው የትኛው እንደሆነ ሲጠይቋት «ልብስ የለበሰው የኛው ነው» ትላለች።

ስለ እሑዱ ምረቃ እንዳይጨነቁ። በሩ ተከፍቶ፣ ወንበሮቹ ተወልውለው ይጠብቅዎታል። እኛ ግን በዚያው ሰዓት ጊልዳ ቤት ምሳ አለን፤ ሁላችንም ተጋብዘናል፣ ወላዷም አራሷም ሳትቀር። ንግግርዎን ግድግዳው ላይ የቀሩት ይሰሙልዎታል፤ እነርሱ መውጫ ስለሌላቸው እስከ መጨረሻው ይቆያሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል። ባለፈው ቅዳሜ በጠራራ ቀትር አጥሩን ከፍተን የኤድመንድን አመድ ከኔስታ ጎን ቀበርነው። ፈቃድ አልጠየቅንም፣ ቅጽም አልሞላንም። ቄስ ስላልነበረን ጸሎቱን እየተፈራረቅን አነበብነው፤ ጊልዳ መሐል ላይ ስትደርስ መጽሐፉን ለሮዛሙንድ አቀበለቻትና እርሷ ጨረሰችላት። አካፋ ያልያዘ የመንደሩ ሰው ስለሌለ የሚቀጡት እንዳያጡ የሁላችንንም ስም ለመላክ ዝግጁ ነኝ። ሮዛሙንድ የሕግ ሰው ናት፤ እንደነገረችንም በተባረከ መሬት ያረፈን ሰው ያለ ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ማንም ሊያወጣው አይችልም፣ ክቡርነትዎም ጭምር። ማመልከቻ ማስገባት፣ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ መጠበቅ፣ የቤተሰቡን አስተያየት መቀበል ይኖርብዎታል። ቤተሰቡ አስተያየት ሲሰጥ አይቸኩልም።

ላደረጉልን፣ ከዚያም በላይ ላላደረጉልን ሁሉ የዕድሜ ልክ ባለዕዳ ሆኜ፣ ረጅም ዕድሜና የጠራ ማስታወስ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ኡርሱላ ትሬልፎል
ጡረተኛ የእንስሳት ሐኪም
ማርልስኮም

ማስታወሻ፦ ከደጀ ሰላሙ በታች ያለው የመጀመሪያው የደረጃ ድንጋይ ተፈንቅሏል፤ ዝናብ ሲነካው ክፉኛ ያዳልጣል። ለማስተካከል በጸደይ ፈቃድ ጠይቀን ነበር፤ ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው ተብለናል። የአየር ትንበያው እሑድ ዝናብ ነው ይላል። ሂደቱን ስለምናከብር አልነካነውም።